ስታንሊን ደግመሽ ስታዪው

ይድረስ ለውድ እናቴ፦

እማዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

በፍላሽ የላክሁልሽን «ስታንሊ ካ ዳባ» የሚባል የሕንድ ፊልም አይተሽ በስልክ ሁለት ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። በጥድፊያ የሚመለስ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኋቸው።

መጀመሪያ «እነዚህ ልጆች ትወናውን ከየት ተማሩት?» ላልሽው። አልተማሩም፣ እማዬ። ፊልም እየተሠራ መሆኑንም አያውቁም ነበር። «ስታንሊ ካ ዳባ» ማለት «የስታንሊ ምሳ ዕቃ» ነው፤ በ2011 ወጣ። ጽፎ ያዘጋጀው አሞል ጉፕቴ ሲሆን ያ የሰው ምሳ አሳዳጅ የሂንዲ መምህር ቨርማ ሆኖ የሚጫወተውም እሱው ነው። ምሳ ሳይቋጥር ትምህርት ቤት የሚመጣውን ልጅ፣ ስታንሊን፣ የሚጫወተው ደግሞ የገዛ ልጁ ፓርቶ ነው። ጉፕቴ ሙምባይ ውስጥ በሚገኝ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ የቲያትር ልምምድ ከፈተላቸው፤ ፊልሙም የተቀረጸው እዚያው ልምምዱ ላይ ነው። በቀን ከአራት ሰዓት አያልፍም፤ ለፊልሙ ሲባል ከክፍል የቀረ ልጅ የለም። ስለ ልጅ ጉልበት ብዝበዛ የሚናገር ፊልም የልጆች ጉልበት እንዳይበዘብዝ መጠንቀቁ ትልቅ ነገር ነው።

የቀረጹበት ካኖን 7ዲ የሚባል ፎቶ ማንሻ ነው። ልጅ ፊት ትልቅ ካሜራ፣ መብራትና ሃያ ሰው ቢደረደር ወዲያው ይደርቃል፤ ወይ ሌንሱ ላይ ያፈጥጣል ወይ ድምፁ ይለወጣል። ፎቶ ማንሻ ግን ማንንም አያስደነግጥም። ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ ማለት 12 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ መቅዳቱን ያቆማል። ካሜራው ፈጠን ብሎ ከዞረ የበር መቃን ያዘመመ ይመስላል፤ ሌንሱ በሰፊው ተከፍቶ ሲቀረጽ ደግሞ ልጁ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ካለ ፊቱ ይደበዝዛል። ሕፃን ደግሞ «እዚህ መስመር ላይ ቁም» ቢሉት አይቆምም። ይህን ሁሉ ችለው ነው ያን ሳቅና ያን ሹክሹክታ ያገኙት።

ሁለተኛው፣ «እዚያ አገር ልጅ እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ የለም ወይ?» ያልሽው። አለ እንጂ። በ1986 የወጣው ሕግ ሕፃናትን በአደገኛ ሥራ ማሠራትን ከለከለ። ከጥቅምት 2006 ጀምሮ ደግሞ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በሻይ ቤትም ሆነ በሰው ቤት ተቀጥሮ እንዳይሠራ ታገደ። ከሚያዝያ 2010 ወዲህ ከ6 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ በነፃ የመማር መብት አለው። በ2016 ሕጉ እንደገና ተሻሻለና ከ14 በታች ማንኛውም ሥራ ተከለከለ። ግን ክፍት የቀረ በር አለ፤ ልጁ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ወይም በዕረፍት ጊዜ፣ ሥራው አደገኛ እስካልሆነ ድረስ፣ ቤተሰቡን በንግዱ ሊያግዝ ይችላል። «ቤተሰብ» ሲልም እናትና አባት፣ ወንድምና እህት ብቻ አይደለም፤ አጎትና አክስትም ይገቡበታል።

እንግዲህ በዛሬው ሕግ አስቢው። ስታንሊ ወላጆቹ ሞተውበት አጎቱ ምግብ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ተቆጣጣሪ ቀን ቢመጣ ልጁ ትምህርት ቤት ነው፤ ማታ ቢመጣ «የወንድሜ ልጅ ነው፣ እያገዘኝ ነው» ይባላል። የቅጥር ውል የለ፣ የደመወዝ ወረቀት የለ፣ በምን ይያዛል? ቀዳዳው የተተወው ልክ እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው።

ምገባውስ? የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 በመንግሥትና በመንግሥት በሚደገፉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲቀርብ አዟል። ዛሬ ለታችኛው ክፍል ልጅ መጠኑ 100 ግራም እህል፣ 450 ካሎሪና 12 ግራም ፕሮቲን ነው። ግዴታው ግን ድጎማ የማያገኙ የግል ትምህርት ቤቶችን አይመለከትም፤ የስታንሊ ትምህርት ቤት ደግሞ ሁሉም ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ የሚመጣበት ነው።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። አንቺ በቨርማ ነው የተናደድሽው፤ «ምሳ ካላመጣህ ትምህርት ቤት እንዳትመጣ» ሲለው እኔም ደሜ ፈልቷል። ደግመሽ ስታዪው ግን ቨርማን ተዪውና ሮዚን ተመልከቺ፤ ያቺን ደግ የእንግሊዝኛ መምህርት። ትወደዋለች፣ ታደንቀዋለች። ልጁ ከሁሉ ቀድሞ ክፍል ይገኛል። ፊቱ ላይ ምልክት አለ፤ ምንድን ነው ስትለው ከአንድ ትልቅ ልጅ ጋር እንዴት እንደተጣላ አሳምሮ ይተርክላታል። ተረኩ ስለጣፈጠ ጥያቄው እዚያው ቀረ። በምሳ ሰዓት ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ ሆዱን በውኃ ሲሞላም አብሮት ያለ አዋቂ የለም። ጠመኔ ይዘሽ ለኖርሽው ላንቺ እነዚህ ምልክቶች ምን እንደሚናገሩ እኔ አልነግርሽም።

ጓደኞቹ ግን አልመረመሩትም። አማን ባለ አራት ድርብ ሰፈርጣሱን ከፍቶ አብረው በሉ። ቨርማ ሲያሳድዳቸው መብያ ቦታቸውን ይቀያይራሉ፤ ስታንሊ ሳይበላ እንዳይቀር ሲሉ ከመምህር ጋር ድብብቆሽ ገቡ። ሕፃናት ስለሆኑ እነሱም ከምሳው በላይ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ኋላ ላይ የምግብ ቤቱን ትራፊ ቋጥሮ መጥቶ «እናቴ ናት የሠራችው» ሲላቸው፣ እንዴት እንዳበሰለችው ሲተርክላቸው አመኑት።

እማዬ፣ ደግመሽ እዪውና ደውዪልኝ። አንቺ ሮዚን ብትሆኚ በየትኛው ቀን ትጠይቂው ነበር? ሳታሳፍሪውስ ምን ብለሽ ትጀምሪ ነበር?

ናፋቂ ልጅሽ