ደብዳቤ ለልጄ፦ የባናዋ ከረጢት

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ደርሶ አጨዳ ልንጀምር ነው። እናትሽ በሶ ልካልሻለች፤ ከበሶው ሥር አንዲት ትንሽ ከረጢት ታገኛለሽ። ከአያትሽ ባና ጫፍ ቆርጬ በእጄ የሰፋኋት ናት። ድርብ ስለሆነች ብርድ ቶሎ አያልፋትም። ለስኳር ሕመምሽ የምትወጊው የኢንሱሊን ብልቃጥ ማደሪያ ትሁን።

የውርጭ ወራት በመጣ ቁጥር ያለፈው ኅዳር ይታወሰኛል። «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የተባልሽውን ይዘሽ ብልቃጡን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳደርሽው። የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ ምሕረት የለውም። ኢንሱሊን ሙቀትን እንደሚፈራ ሁሉ በረዶም ይገድለዋል፤ አንዴ ከረጋ በኋላ ቢቀልጥም ኃይሉ አይመለስም። ይህን ሁለታችንም አላወቅንም ነበር። ጠዋት ቀልጦ ስታገኚው ደህና መስሎሽ ተወጋሽው፤ በማግስቱም እንዲሁ። ጥሙ መጣ፣ ሽንቱ በረታ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ጊዜ ለመውጣት እጅሽን አነሣሽ፤ በሦስተኛው መምህሩ «ተቀመጪ!» አለሽ። ተቀመጥሽ። ሆስፒታል ስደርስ ከንፈርሽ ተሰነጣጥቆ፣ ትንፋሽሽ የበሰበሰ ፍሬ እየሸተተ አገኘሁሽ። ጣቶቼን ይዘሽ መጀመሪያ ያልሽኝ «አባዬ፣ ለማንም አልነገርኩም» የሚል ነበር።

ልጄ፣ ይህ ቃልሽ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «ለሰው እንዳትናገሪ» ያልኩሽ እኔ ነኝና። በ12 ዓመትሽ ሕመሙ ሲታወቅ ጎረቤት ምን ይላል፣ ነገ ማን ያገባታል ብዬ ፈራሁ። መምህሩንም ብዙ ጊዜ ተቀይሜዋለሁ። ግን ያልተነገረውን ከየት ያምጣው? ያን ትእዛዜን ዛሬ አንሥቻለሁ። ተናገሪ።

መጀመሪያ ለስም ጠሪ መምህርሽ ንገሪ፤ ሐኪሙ የጻፈልሽን ወረቀት አሳዪው። የምትጠይቂው ውለታ አይደለም፦ ሲያስፈልግሽ መውጣት፣ ፈተና ላይም ብትሆኚ ስኳርሽ ሲወርድ መቅመስ እንድትችዪ ነው። የስፖርት መምህሩም ይወቅ፤ ሩጫ ስኳርን ያወርዳልና ከመሮጥሽ በፊት ለክተሽ፣ ዝቅ ካለ ቀምሰሽ ግቢ።

ከሁሉ በላይ ግን አጠገብሽ የምትቀመጠዋ ልጅ ትወቅ። ስትወድቂ ቀድማ የምታይሽ እርሷ ናት። ላብ ላብ ሲልሽ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ፣ የጠየቀችሽን ትተሽ ሌላ ስትመልሺ ስኳርሽ ወርዷል ማለት ነው። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ 15 ግራም ገደማ ስኳር፣ ማለትም እስከ 4 የሻይ ማንኪያ፣ በውኃ በጥብጣ ታጠጣሽ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ተለኪ፤ ካልተነሣ ድገሚው። «የስኳር በሽተኛ ስኳር እንዴት ይሰጣታል?» ብሎ የሚከለክላት ሰው አይጠፋምና አስቀድመሽ አስረጃት። የእናትሽ በሶ ለዚያች ሰዓት አይሆንም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በሶው ከተሻለሽ በኋላ ነው። ራስሽን ከሳትሽ ግን አፍሽ ውስጥ ምንም እንዳትጨምር፤ በጎንሽ ታስተኛሽና ወደ ሐኪም ቤት ሰው ትጥራ።

ጣፋጭ አብዝታ ነው የሚልሽ ካለ ሐሰት ነው። የአንቺ ሕመም ከቆሽት ነው፤ ሰውነትሽ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የራሱን ሕዋሳት አጥፍቶ ነው። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብራሽ በአንድ ማዕድ መብላት የፈራች ልጅ ካለች ይህንኑ ንገሪያት።

ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም ብለውኛል። ጻድቃኔ ማርያም ለጸበል ስትሄጂም መርፌሽ ከእጅሽ አይለይ። ጸበሉን ጠጪ፣ መድኃኒትሽንም ውሰጂ።

ሐኪሙ ያጫወተኝን ልንገርሽ። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው ሰው በካናዳ፣ በቶሮንቶ የነበረ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922። ከዚያ በፊት እንዳንቺ ያለ ልጅ በሽታው ከታወቀ ብዙ አይቆይም ነበር። ይህን ስሰማ ከሐኪሙ ፊት እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አንቺ ዘጠነኛ ክፍል ገብተሽ ስለ ፊዚክስ ትጽፊልኛለሽ።

አጨዳው እንዳለቀ በመጀመሪያው ሰኞ እመጣለሁ፤ መምህሩን አብረን እናነጋግራለን። እኔ እስክመጣ ግን አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ንገሪው። አዲስ ብልቃጥ ስትከፍቺ ቀኑን ጻፊበት፤ ከ28 ቀን በላይ አትጠቀሚበት። ከረጢቷን ከመስኮቱ አርቀሽ ልብስሽ ሳጥን ውስጥ አኑሪያት፤ ከከሰል ምድጃውም አታስጠጊያት።

አባትሽ