ቡትስና አንድ ዳስ፦ ለልጆቻችን የተራራ ትምህርት የድጋፍ ጥሪ

ኮተቤ፣ የካ ተራራ ግርጌ ለምትኖሩ፣ ከሰፈሩ ወጥታችሁም ልባችሁ እዚሁ ለቀረ ሁሉ፤

የ1ኛ ክፍል ልጆቻችን «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል» የሚማሩት በጠመኔ ከተሳለ ዛፍ ነው። ተራራው ግን ከግቢው አጥር ጀርባ ነው። ይህ የቆጫቸው መምህራን ባለፈው ዓመት ልጆቹን ዓርብ ዓርብ ይዘው መውጣት ጀመሩ።

አንድ ቀን አብሬ ሄጄ ነበር። መምህርቷ ጥቂት የእንዶድ ፍሬ ለቅማ በድንጋይ ቀጠቀጠችና ከጀሪካኑ ውኃ ጠብ አደረገችበት። አረፋው ቡፍ ሲል፣ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ሳሙና ሆነ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላባራም፤ ለምን አረፋ ሆነ? ይበላል? ጉንዳን ይገድላል?

ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩት ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው ወንዝ ዳር ቆሞ ልብ ብሎ ከማየት ተነስቶ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ግን ዝናብ ያዘን። ባሕር ዛፍ አያስጠልልም። ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ጨቅይተው፣ ደብተራቸው ረጥቦ ተመለሱ፤ ሰኞ ሁለቱ በጉንፋን ቀሩ። እናቶች ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው። ትምህርቱም በዚያው ቆመ።

አሁን ለ62 ልጆች ቡትስና የዝናብ ልብስ፣ ጥቂት አጉሊ መነጽር፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ሳጥን ያስፈልገናል። ከሁሉ በላይ ግን ከአጥሩ ጀርባ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ዳስ። (ዳስ ስንል ክፍል አጥተን አይደለም፤ ዝናብ ሲመጣ ሮጠው የሚገቡበት ጣሪያ ነው።) ቋሚና ማገሩን አንድ ጎረቤታችን ሰጥተውናል። እድራችንም ዳሱ እስኪቆም ድንኳኑን ሊያውሰን ቃል ገብቷል፤ እግዜር ይስጥልን። የቀረው ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የአናጺ ዋጋ ነው።

ለልጃችሁ የጠበበው ቡትስ ካለ ታጥቦ ይምጣ፤ ከ28 እስከ 32 ቁጥር ነው የምንፈልገው። ገንዘብ የምንቀበለው በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል በደረሰኝ ብቻ ነው፤ ማንም በእጁ አይቀበልም። ወጪው በየወሩ በወላጆች ስብሰባ ይነበባል። ጉልበት ያላችሁ ደግሞ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዶማና አካፋ ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ አደይ አበባው ሳይረግፍ ልጆቹን ይዘን መውጣት እንፈልጋለን።

የወላጆችና የመምህራን ኮሚቴ