ስለ እማማ ሁለት ውጤቶች

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ስንቱን ዘመን ተጠፋፍተን ይኸው እማማ አገናኙን።

የማስታወስ ፈተናቸው አምና 27፣ ዘንድሮ ደግሞ 24 መጣ ብለሽ ጽፈሽልኛል። «አለቀላቸው ማለት ነው?» ላልሽው፣ ኧረ ተረጋጊ! በአንድ ቁጥር ሰው ላይ አይፈረድም። ሞካ የሚሉት ይህ ፈተና ማጣሪያ ነው፤ በሽታን ቁርጥ አድርጎ አይናገርም። ከ30 ይታረማል፤ 26 እና ከዚያ በላይ ደህና ይባላል። ታዲያ ያው ሰው በሌላ ቀን ቢፈተን አንድ ሁለት ነጥብ ከፍ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው።

ነጥቡ እንዴት እንደሚሄድ ልንገርሽ። አምስት ቃላት ይነበቡላቸዋል። ሌላ ሌላ ሲጠየቁ ቆይተው፣ አምስት ደቂቃ ያህል ሲሆን «እስቲ ቃላቱን ይንገሩኝ» ይባላሉ። ሁለቱ ካመለጧቸው ሁለት ነጥብ ሄደ። ከ100 ጀምረው ሰባት ሰባት እየቀነሱ «93፣ 86…» ሲሉ በር ቢንኳኳና ሁለቴ ቢሳሳቱ ደግሞ አንድ። ይኸው ሦስት ነጥብ! የጆሮ መስሚያቸውን ረስተው ሄደው ቢሆንስ? እንቅልፍ አጥተው አድረው ቢሆንስ? ድብርት፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ አዲስ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ሁሉም ውጤት ሊያወርዱ ይችላሉ።

ተቃራኒውም አለ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እንዲያውም እሱ ነው። ያንኑ ፈተና ቶሎ ቶሎ የወሰደ ሰው ይለምደዋል። ማስታወሱ እየደከመ ውጤቱ ባለበት ይቆይና ቤተሰብ «ተመስገን» ብሎ ይዘናጋል። ቃላቱ የሚለያዩ ቅጂዎች የተዘጋጁትም ለዚህ ነው። እና በፈጠረሽ፣ እቤት እንዳታስጠኛቸው! ስንት ልጅ አይቻለሁ፣ እናቱን እንደ ማትሪክ ተፈታኝ የሚያስሸመድድ።

ችላ በይው እያልኩሽ አይደለም። ሦስት ነጥብ እውነተኛ ለውጥም ሊሆን ይችላል። ግን ከቁጥሩ ይልቅ ውሏቸውን እዪ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ? የለመዱት መንገድ ይጠፋቸዋል? የጠየቁትን መልሰው መላልሰው ይጠይቃሉ? እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ፣ ውጤቱ 28 ቢሆንም ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። ቫይታሚን ቢ12 እና ታይሮይድም ይታይላቸው፤ እነሱ ሲዛቡም ሰው ይረሳል።

እንደገና ሲፈተኑ ሰዓቱ እንደበፊቱ፣ ቅጂው ግን ሌላ ይሁን። መነጽርና መስሚያም እንዳይረሳ። ለመሆኑ ዘንድሮ አብሯቸው የሄደው ማን ነበር? መስሚያውስ ጆሯቸው ላይ ነበር? እሱን አጣሪና ቶሎ ጻፊልኝ።

ያንቺው