«ማንኛውንም» የምትለዋ ቃል ትታረም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ሲዲኤል (የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ) ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አብዛኛው ትክክል ነው። ግን ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ በላይ የሆነ «ማንኛውንም» መኪና ለመንዳት ሲዲኤል የግድ ነው ብላችኋል። ስህተቱ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው። አንዲት ቃል ቤቴን ስትበጠብጥ ሰነበተች።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። 19 ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ለመንዳት ጤነኛ መሆኔን የሚያረጋግጠውን፣ በየ2 ዓመቱ የማሳድሰውን የሕክምና ካርድ ተውኩት፤ ሲዲኤሌም ወደ ተራ መንጃ ፈቃድ ወረደ። አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ግን አለችኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ ቁራሽ መሬት አለን። ማገዶዬን፣ ትንሿን ትራክተሬንና የቤት ዕቃዬን እጭንባታለሁ። ለማንም በክፍያ ሠርቼባት አላውቅም። የቤተ ክርስቲያናችንን ድንኳን ጫንልን ሲሉኝ እንኳ እምቢ ብያለሁ። ሕጉ ለራስ ጉዳይ ብቻ ይላል፤ ድንኳኑ የኔ አይደለም።

ዘገባችሁ በወጣ ማግስት የባለቤቴ ወንድም ቤት ድረስ መጣ። የሾፌሩን በር ከፍቶ በፍሬሙ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አቧራዋን በእጅጌው ጠረገና አነበባት። መኪናዋ ከነጭነቷ ሊኖራት የሚችለው ከፍተኛ ክብደት 33,000 ፓውንድ ነው ትላለች። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ሽጣት! ሕገወጥ ነው የምትነዳው» አለኝ። ባለቤቴ ሰማችና ቁልፉን ደበቀችው። እሁድ ደግሞ ያው ድንኳን ጫንልን ያለኝ ሰው በሰው ፊት «አንተ ሕግ የምታከብር ይመስለኝ ነበር» አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ሳልነካ ነድቼ በስተርጅና ሕገወጥ ተባልኩ። ያማል።

እስቲ ሕጉን እንየው። በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ሲዲኤል የሚጠየቀው ለንግድ ተሽከርካሪ ነው። 26,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ መሆን አንዱ መስፈርት ነው። መኪናው ለንግድ ሥራ መዋሉ ደግሞ ሌላው። እናንተ የመጀመሪያውን ጽፋችሁ ሁለተኛውን ጣላችሁት። የቨርጂኒያ ሕግ ጭራሽ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ለግል ጉዳዩ ብቻ የሚጠቀምበትን መኪና ከንግድ ተሽከርካሪ ትርጉም አውጥቶታል። በትልቅ ሞተርሆም (ውስጡ እንደ ቤት በተሠራ መኪና) ቤተሰቡን ይዞ የሚዝናናውም ሲዲኤል አይጠየቅም። ገበሬም ምርቱንና የእርሻ ዕቃውን ከእርሻው በ150 ማይል ክልል ውስጥ ሲያመላልስ የራሱ አንቀጽ አለው። ይህ ሁሉ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ጸሐፊያችሁ ገልጦ ማየት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አላየም!

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ነገሩ ይለያል። እዚያ ለግል የሚነዳ ከባድ መኪናም ቢሆን ለንግድ ያልሆነ ክላስ ቢ ወይም፣ ከባድ ተጎታች ካለው፣ ክላስ ኤ የሚባል መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል። ፔንሲልቬኒያም እንዲህ ዓይነት ፈቃድ አላት። እሱም ቢሆን ሲዲኤል አይደለም። ቨርጂኒያ ያለችው የአሌክሳንድሪያና ሜሪላንድ ያለችው የሲልቨር ስፕሪንግ አንባቢዎቻችሁ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ነው ያላቸው። የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ የሜሪላንዱ ይሻላል። ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲላት ለግል ናት ለንግድ ናት ብላ አትለይም። ነገ ፈተና ግባ ቢሉኝ ደስ እያለኝ እገባለሁ። ግን ሕጉ ይጥበቅ ማለት ሌላ፣ የሌለን ሕግ አለ ማለት ሌላ።

ፎቶውንም ሳላነሳ አላልፍም። የለጠፋችሁት ባለ 26 ጫማ የኪራይ መኪና ነው። እነዚህ መኪኖች ከ26,000 ፓውንድ እንዳያልፉ ተደርገው የሚሠሩት በተራ መንጃ ፈቃድ እንዲነዱ ነው። ሕዝባችን ቤት ሲቀይር የሚከራየው እነሱን ነው። እሱንም በከንቱ አስፈራራችሁት።

የምቆጣበት ምክንያት አለኝ። በ2025 የከባድ መኪና ሾፌሮች የእንግሊዝኛ ችሎታ ቁጥጥር ከጠበቀ ወዲህ ሾፌሮቻችን በፍርሃት ነው የሚውሉት። የሕጉን እንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብደው ሰው እናንተን አምኖ ነው የሚያነብበው። እናንተ «ማንኛውንም» ካላችሁ እሱ ሄዶ አያጣራም። መኪናውን ይሸጣል። እንደኔ ጡረታ ወጥተው መኪናቸውን ያስቀሩ ሾፌሮችን አውቃለሁ። ስንነዳ ስለ እኛ ብዙ ተጽፏል። ከወረድን በኋላ አንዳችሁም አልጠየቃችሁንም።

ስለዚህ ማረሚያ አውጡ። ከታች በደቃቅ ፊደል አይሁን፤ ዘገባው የወጣበት ቦታ ላይ፣ በዘገባው ልክ ይሁን። ባለቤቴ ቁልፉን እስከ ዛሬ አልሰጠችኝም። የፈለጥኩት ማገዶ እዚያው መሬቱ ላይ ዝናብ እየመታው ነው። ማረሚያው እንደወጣ አትሜ አሳያታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ቨርጂኒያ