በጂአይ ቢል ኮሌጅ ለምትገቡ አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

በአሜሪካ ጦር አገልግላችሁ በጂአይ ቢል፣ ማለትም መንግሥት በጦሩ ላገለገሉ ሰዎች በሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ፣ ኮሌጅ ለመግባት ስትዘጋጁ ማየት ያኮራናል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 10 ቀን 2001 በኋላ በመደበኛ ግዳጅ 36 ወር ያገለገለ አባል በመንግሥት ኮሌጅ የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ በሙሉ ይሸፈንለታል፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለኮሌጁ ይላካል። 90 ቀን ላገለገለ ድርሻው 50 በመቶ ነው። ለግል ኮሌጅ የሚከፈለው ግን የገንዘብ ጣሪያ ስላለው፣ ኮሌጁ ከጣሪያው በላይ ያለውን ክፍያ ለመሸፈን በሚያግዘው የሎው ሪበን በተባለው ፕሮግራም መሳተፉን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አጥብቄ የምለምናችሁ ጂአይ ቢል ለተማሪ የሚሰጠውን የቤት ኪራይ አበል በሚመለከት ነው። የሚከፈለው ወሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያውን ኪራይ ከኪሳችሁ አዘጋጁ። በሴሚስተሮች መካከል ባለው ዕረፍት አይከፈልም። ሁሉንም ትምህርት በኢንተርኔት የሚከታተል ተማሪ የሚሰላለት በአገር አቀፉ አማካይ አበል ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዱን ኮርስ ክፍል ገብታችሁ ተማሩ። ከመደበኛው የትምህርት ጭነት ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ የሚወስድ ደግሞ አበሉን ጨርሶ አያገኝም።

መብቱን ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጁ ማስተላለፍ የሚፈልግ ከሠራዊቱ ሳይሰናበት ያመልክት፤ በኋላ አይቻልም።

ቅጹ የከበደው ሰው የስንብት ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ አብረን እንሞላዋለን።