የቡና ጥላ ሥር ያለው አፈር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤ ጅማ

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበትስ ቀለል አላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለመመረቂያሽ ከቡና ጫካ አፈር አንቲባዮቲክ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ልፈልግ ነው ላልሽኝ፣ ይኸው መልሴ።

ላይኛውን ቅጠልና ብስባሽ ጠርገሽ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ውሰጂ። አሁን ክረምት ስለሆነ የምታወጪው ጭቃ ነው፤ ንጹሕ ወረቀት ላይ ዘርግተሽ ጥላ ውስጥ ሳምንት ይድረቅ። የስትሬፕቶማይሲስ (አንቲባዮቲክ የሚሠሩት የምትፈልጊያቸው የአፈር ባክቴሪያዎች) ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር ያለው መራቢያቸው፣ ድርቀት ይችላል፤ ቶሎ ተባዝተው የማሳደጊያ ሳህኑን የሚወርሩት ብዙዎቹ ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን ይቀንሳሉ። የእኛ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ያ ደግሞ የሚመቸው ለሻጋታ ነው። ስለዚህ 10 ግራም አፈር ከ1 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ጋር ቀላቅለሽ፣ በትንሹ አርጥበሽ፣ በ28 ዲግሪ ሌላ ሳምንት አቆይው።

ከዚያ 1 ግራሙን በ9 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ (0.85 በመቶ) በጥብጠሽ አሥር አሥር እጥፍ እያቀጠንሽ ውረጂ፤ ከሺኛውና ከአሥር ሺኛው 0.1 ሚሊ ሊትር ስታርች ኬዚን አጋር (ባክቴሪያው የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ቀቢ። አጋሩ ሲበርድ፣ ሳይረጋ፣ በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮግራም ሻጋታ የሚገታውን ሳይክሎሄክሳማይድ ጨምሪበት፤ መርዝ ነውና ያለ ጓንት አትንኪው። በየሳህኑ 25 ሚሊ ሊትር አፍሺ፤ ከሳሳ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይደርቃል። በሁለተኛው ቀን ባዶ ነው ብለሽ እንዳትጥይ። የምትፈልጊው ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት) ዘግይቶ ይመጣል፤ ደረቅ፣ እንደ ኖራ ዱቄት የነሰነሱበት፣ አጋሩን ነክሶ የያዘ ነው። ዝናብ የነካው አፈር ሽታም አለው፤ ግን አፍንጫሽን ሳህን ላይ እንዳትደፊ።

ኦቶክሌቩን፣ አጋሩንና ዕቃውን በግፊት እንፋሎት ከጀርም የምታጸጂበትን ማሽን፣ አደራ። ጅማ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ ገና 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የግፊት መለኪያው የተለመደውን 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ቢያሳይሽም ውስጡ 118 እንጂ 121 አይደለም። የሙቀት መለኪያ ከሌለው የተለመደውን 15 ደቂቃ 30 አድርጊው።

ለሙከራ የለየሽውን ባክቴሪያ ሳህኑ መሃል በአንድ መስመር ዝሪው። ከ5 እስከ 7 ቀን ካደገ በኋላ መሞከሪያ ባክቴሪያዎቹን፣ ስታፊሎኮከስንና ኢ. ኮላይን፣ ከዳር ወደ መስመሩ ጫሪያቸው፣ በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት። መሃሉ ባዶ የሆነ ሳህንም ለማነጻጸሪያ ይኑርሽ። ኢ. ኮላይ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላለው የሚገታው ጥቂት ነው።

በመስመሩ አጠገብ መሞከሪያዎቹ ሳያድጉ ቀርተው ጠርቶ የታየ ቦታ ሁሉ ግን አያስፈንድቅሽ። ባክቴሪያው የሚያመነጨው አሲድ ብቻውንም ያንን ያደርጋል። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በ1943 እ.ኤ.አ. በአልበርት ሻትዝ እጅ ከተገኘ ወዲህ ደግሞ ብዙ ፈላጊ ያንኑ አሮጌ መድኃኒት መልሶ ሲያገኝ ኖሯል። ስትሬፕቶማይሲን የማይበግረው ኢ. ኮላይ ካላችሁ እሱም ላይ ሞክሪው፤ እሱንም ከገታ ቢያንስ ያ አይደለም። ጥሩ ያገኘሽውን ዛሬውኑ በ20 በመቶ ግሊሰሮል አቀዝቅዢ፤ ከሳህን ሳህን ሲዘዋወር መድኃኒት መሥራቱን ይተዋል።

አፈሩንም ባክቴሪያውንም ግን በሰው እጅ እንዳትልኪልኝ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው። ፎቶ ይበቃኛል፤ ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ፣ ሳህኑን ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርገሽ አንሺው።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ