ለስንቃችን አንድ መስኮት ክፈቱልን

ለመከላከያ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን፣

ለገሀር አካባቢ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ማለዳ አንድ ወታደር ገባ። ፈቃድ ወጥቶ ከአፋር በረሃ መምጣቱ ነው። ፉል አዘዘ። ውሃ ሳቀርብለት ግን ቶሎ አልጠጣም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም አለ። «እትዬ፣ እንዴት ይቀዘቅዛል!» አለኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

እዚያ ኮዳቸውን እርጥብ ካልሲ አልብሰው ነፋስ ላይ እንደሚሰቅሉት ነገረኝ። ካልሲው እየደረቀ ሲሄድ ውሃው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። ቦቴው የዘገየ ቀን ግን ካልሲ መንከሪያም አይተርፍም። ልጁ አላማረረም። ሐሳቡ ሁሉ ምሽግ ጥሏቸው የመጣው ጓደኞቹ ጋ ነበር።

ወንድሜ ትዝ አለኝ። በ1991 ቡሬ ግንባር ነበር፤ በአሰብ መንገድ፣ በዚያ እሳት። እናታችን በሶ አዘጋጅታ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስታፈላልግ ስንት ቀን ከረመች። በሶ ደግሞ ሙቀት አያበላሸውም። ወንድሜ ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወራም። ስለዚያ በሶ ግን ዛሬም ያወራል። በኮዳ ክዳን እየሰፈሩ ለጓዶቹ አዳረሱት። የእናቱን እጅ ሁሉም ቀመሱ።

እኔም ያንን ልጅ ከሸኘሁ በኋላ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «እዚህ አንቀበልም» ተባልኩ። የት እንደሚቀበሉ የሚነግረኝ አጣሁ። ስመለስ በቸርችል ጎዳና በትግላችን ሐውልት በኩል አለፍኩ። በኦጋዴን ጦርነት የወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ነው። ቆሜ አየሁት። ለወደቁት ይህን ያህል ካከበርን፣ ዛሬ ፀሐይ ላይ ለቆመው ልጅ ስንቅ የምንሰጥበት ቦታ እንዴት እናጣለን?

ልመናዬ አንድ ነው። መሀል ከተማ ላይ፣ ለገሀርም ይሁን ሜክሲኮ፣ የስንቅና የደብዳቤ መቀበያ መስኮት ክፈቱልን። ልጆቻችን የት እንዳሉ ንገሩን አላልኩም፤ የጸጥታ ጉዳይ መሆኑ ይገባኛል። ስምና የክፍሉን ቁጥር ጽፈን እንስጥ። ከፈለጋችሁ ፊታችን ፈትሹት። ሬሽን የሚጭነው መኪና ላይ ጥግ ብታገኙለት ይበቃል። ዘመድ የሌለውም ወታደር አለ፤ ለእሱ የሚቋጥር ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። እኔ አለሁ።

የቋጠርኩት 5 ኪሎ በሶ አሁንም ቤት ተቀምጧል። የት ላምጣው?

አክባሪያችሁ፣
የለገሀሯ ቁርስ ቤት ባለቤት